ወንዝ ለሚሻገር ቦርሳ



ዛሬ የምናገረው ስለ ቦርሳ ነው። «ሰው ሰብስቦ ስለ ቦርሳ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ካለ አልቀየመውም። ግን እስቲ አስቡት። ከፋ ውስጥ ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ልብስ ለማድረቅ እንኳ ብዙ ፋታ አይሰጥም። ከቤቱ ተነሥቶ ጥቂት ሰዓት በእግሩ የተጓዘ ሰው አንድ ወንዝ፣ ባይሆን አንድ ጅረት መሻገሩ አይቀርም። እንዲህ ባለ አገር ዕቃን ሳያረጥቡ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ማድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መምህሩ የፈተና ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቧንና መድኃኒቷን ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ አስጎብኚው የእንግዳውን ካሜራና ፓስፖርት ተሸክሞ ይወጣል። የሁሉም ጠላት አንድ ነው፤ እርጥበት።

እኔ ግን ነገሩን ከሁሉም በሚከብደው በኩል ልጀምረው ነው፤ በእግርም በጀልባም በሚደረግ ጉዞ። ይህን የሚችል ቦርሳ ሌላውን ሁሉ ይችላልና።

ፓክራፍት የሚባል ነገር አለ። በአየር የሚነፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው የሚይዝ ትንሽ ጀልባ ነው። ክብደቱ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይሆናል። መንገደኛው ጀልባውን ጠቅልሎ በጀርባ ቦርሳው ይዞ በእግሩ ይጓዛል። ወንዝ ሲደርስ አውጥቶ ይነፋዋል፣ ቦርሳውን ከፊት ለፊት ያስራል፣ ይቀዝፋል። ፏፏቴ ሲመጣ ወይም ውኃው ሲያልቅ ይወርዳል፤ ጀልባውን አስተንፍሶ ይጠቀልልና መንገዱን ይቀጥላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእግር ሲሆን ቦርሳው ጀልባውን ይሸከማል፣ በውኃ ላይ ሲሆን ጀልባው ቦርሳውን ይሸከማል። ስለዚህ ቦርሳው ሁለት ጌታ አለው። እንደ ተራራ ቦርሳ ጀርባ ላይ ሊመች፣ እንደ ወንዝ ከረጢት ደግሞ ውኃ ሊችል ግድ ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚገኝ ጥቂት ነው፤ የመምረጡ ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የአባይ በረሃ ሰዎች የፍየል ስልቻ ነፍተው፣ በእሱ እየተንሳፈፉ ወንዙን ሲሻገሩ ኖረዋል። እህሉንና ልብሱን ደግሞ በበሬ ቆዳ ጠቅልለው አጥብቀው አስረው በውኃው ላይ እየገፉ ያሻግሩታል። የተነፋው ስልቻ ሰውዬውን ይይዛል፣ የታሰረው ቆዳ ዕቃውን ይጠብቃል። አንዱ ጀልባ ሆነ፣ አንዱ ቦርሳ ሆነ ማለት ነው።

በፈረንጅ አገርም ታሪኩ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1823 ቻርለስ ማኪንቶሽ የተባለ ስኮትላንዳዊ በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ አሟሙቶ ቀብቶ ውኃ የማያሳልፍ ልብስ ሠራ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ፒተር ሃልኬት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ያንኑ ጨርቅ ተጠቅሞ ሲለብሱት ካባ፣ ሲነፉት ጀልባ የሚሆን ነገር ፈለሰፈ። ጆን ሬይ የተባለው የዋልታ አሳሽ የሃልኬትን ጀልባ ይዞ በሰሜን ካናዳ ተጉዟል። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዲክ ግሪፊዝ የሚባል አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር በሜክሲኮ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ጀልባ ወረደ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በአላስካ በተደረገ የበረሃ የእግር ውድድር፣ ወጣቶቹ ወንዝ ዳር ቆመው በየት እንሻገር ሲሉ ሽማግሌው ግሪፊዝ ከቦርሳው የላስቲክ ጀልባ አውጥቶ ነፍቶ ተሻገረ። ያኔ ነው ነገሩ የተያዘው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሼሪ ቲንጊ የተባለች የአላስካ ሴት ለልጇ ብላ የጀመረችው ስፌት አልፓካ ራፍት የሚባል ድርጅት ሆነ፤ የዛሬው ፓክራፍት በአብዛኛው የእሷ ሥራ ልጅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከፋን ከጅማ የሚለየው ጎጀብ ነው። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 እስከተያዙበት ጊዜ ድረስ ይህ ወንዝ ለከፋ መንግሥት ከሰው ሠራሽ አጥር የበለጠ ቅጥር ነበር። ጎጀብ ወርዶ ከኦሞ ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት ከጓደኞቻቸው ጋር ኦሞን በሚነፋ ጀልባ ወረዱ። ያቋቋሙትን የጉዞ ድርጅት «ሶቤክ» አሉት፤ ሶቤክ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ነው። ስሙን ከየት እንዳመጡት ኦሞን የሚያውቅ አይጠይቅም። ዛሬ ወንዙ ያኔ የወረዱበት ወንዝ አይደለም። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃውን ወደ ኋላ አስተኝቶ እስከ ጎጀብ ድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ሐይቅ ፈጥሯል። በዳውሮ በኩል ሐላላ ኬላ ላይ እንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ በእግሩ የሚጓዝ እንግዳ ቦንጋን ያውቃታል። ከላይ ደን፣ ከታች ሐይቅ፣ በመካከል ወንዝ ካለ፣ ሦስቱንም በአንድ ቦርሳ ልሂድ የሚል መንገደኛ መምጣቱ አይቀርም። የሚቀበለው የእኛው ልጅ ደግሞ ስለ ቦርሳው ከእንግዳው ያላነሰ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የቦርሳው ምልክት ላይ «ውኃ አያስገባም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ «ካፊያ ይመልሳል» ማለቱ ነው፤ ሌላው «ዝናብ ይችላል»፤ ጥቂቱ ብቻ «ውኃ ውስጥ ቢዘፈቅም ችግር የለም» ማለቱ ነው። አይፒኤክስ ሰባት የሚል ደረጃ ካያችሁ ዕቃው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። ጨርቁ ብቻ ከሆነ የሚለካው በውኃ ዓምድ ነው፤ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚል ለድንኳን ጣሪያ ይበቃል፤ 10,000 የሚል ሰው ቢቀመጥበት፣ ድንጋይ ቢጫነው እንኳ ውኃውን ይመልሳል። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጨርቁ የፈለገውን ያህል ቢችል ቦርሳ ውኃ የሚገባው በጨርቁ አይደለም። በስፌቱና በአፉ ነው።

ስፌት ማለት በመርፌ የተበሳ ተርታ ቀዳዳ ማለት ነው። ጥሩ ሠሪ ከውስጥ በኩል ስፌቱን በሙቀት በሚለጠፍ ጥብጣብ ይደፍነዋል። ከዚያም የተሻለው መርፌ የሚባል ሳይነካው ጠርዝና ጠርዙ በሙቀት ቀልጦ የተጣበቀው ነው። ቦርሳውን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ክር ካያችሁ፣ በላዩ ጥብጣብ ከሌለ፣ የዋጋው ወረቀት የፈለገውን ይበል፣ ያ ቦርሳ ለዝናብ እንጂ ለወንዝ አይደለም። ማንገቻው ከቦርሳው አካል ጋር የተያያዘበትን ቦታ ደግሞ በተለይ እዩት። ክብደቱ ሁሉ የሚጎትተው እዚያ ነው፤ ቀድሞ የሚላቀቀውም እዚያው ነው።

አፉን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዚፕ ነው። ውኃ የማያስገባ ዚፕ በእርግጥ አለ፤ ፓክራፍቶቹ ራሳቸው ዕቃ በሆዳቸው እንዲይዙ የሚገጠምላቸው አለ። ነገር ግን ከደለል ጋር አይስማማም። የክረምት ወንዛችን ውኃ ደግሞ ግማሹ አፈር ነው። ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ከገባ፣ ቅባት ካልተቀባ፣ አንድ ቀን ይነክሳል፤ ቦንጋ ላይ የሚጠግነው አይገኝም። ሁለተኛው የሚጠቀለለው አፍ ነው። ሁለቱን ከንፈር አጋጥሞ፣ አየሩን ገፍቶ፣ ሦስት አራት ጊዜ አጥፎ መጠቅለል፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ አጠማዝዞ ዘለበቱን መቆለፍ። ቀላል ነው፣ የሚሰበር የለውም። የሚያበላሸው ችኮላ ብቻ ነው። ዝናብ መጣ ተብሎ አንዴ ብቻ ታጥፎ የተዘጋ አፍ ወንዝ መሐል ይከፈታል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እኔ ለከፋ መንገድ ያለ ምንም ማመንታት የሚጠቀለለውን አፍ እመርጣለሁ።

ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጎሚስታ የሚሠራውን ሥራ ሁላችሁም አይታችኋል። ከጎማው ውስጥ ከመነዳሪውን ያወጣል፣ ይነፋዋል፣ ውኃ የሞላበት ሳፋ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እያዞረ ይዘፍቀዋል። አረፋ ፍል ፍል ሲል ካየ ጣቱን ያሳርፍበታል፣ ያብሰዋል፣ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ቦርሳም የሚፈተነው በዚሁ ነው። ባዶውን አየር አስይዙት፣ አፉን ጠቅልላችሁ ቆልፉት፣ በሁለት እጃችሁ እያፈናችሁ ሳፋ ውስጥ አስገቡት። መጀመሪያ የታችኛውን ጥግ፣ ቀጥሎ የማንገቻውን ሥር፣ መጨረሻ አፉን። አየር የሚወጣበት ሁሉ ውኃ ይገባበታል። አፉ ላይ አንድ ሁለት ትናንሽ አረፋ ቢታይ አትደንግጡ፤ ከስፌቱ በተከታታይ እየተንጠባጠበ የሚወጣ ከሆነ ግን ለሻጩ መልሱለት። ሻጩ «ሳፋ ውስጥ አላስነክርም» ካለ እሱም መልስ ነው።

ስለ ጨርቁ ደግሞ ትንሽ። ቁጥር ታያላችሁ፤ 210 ዲኒየር፣ 420፣ 840 የሚል። ዲኒየር ማለት 9,000 ሜትር ክር ሲመዘን ስንት ግራም እንደሚሆን ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፣ ቦርሳውም ይከብዳል። ከታች ወገብና መቀመጫው 420ም ከዚያም በላይ ቢሆን፣ ከላይ 210 ቢሆን ለእኛ መንገድ የሚበቃ ይመስለኛል። የእኛ ጫካ ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ቀጋ አለ፣ እንጆሪ አለ፣ ከሁሉም የሚከፋው በሰያፍ የተቆረጠ የቀርከሃ ጉቶ አለ፤ ጫፉ እንደ ወስፌ ነው። ደክሞት ቦርሳውን ዝም ብሎ የሚጥል መንገደኛ የቦርሳውን ዕድሜ የሚያሳጥረው እዚያ ላይ ነው።

ጨርቁ ላይ የሚቀባው ነገርም ይለያያል። ፒቪሲ አለ፤ የአይሱዙ ሸራ የሚሠራበት ነው። ከባድ ነው፣ ግን ርካሽ ነው፣ ድብደባ ይችላል፣ ሲቀደድም ይለጠፋል። ከዚያ ቲፒዩ የሚባለው የተቀባበት ናይለን አለ፤ ከፒቪሲ ይቀላል፣ በሙቀት ይጣበቃል። አብዛኞቹ ፓክራፍቶችም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ሲሊኮን የተቀባ ስስ ናይለን አለ፤ በጣም ቀላል ነው፣ ለውስጥ ከረጢት እንጂ ለውጭ አይሆንም። ከዚያ ሁሉም የሚያወራለት ዳይኒማ አለ። መነሻው የውድድር ጀልባ ሸራ ነው። እውነት ነው፣ እንደ ክብደቱ ሲታይ ሲጎትቱት አይበጠስም፣ ውኃም አይጠጣም። ነገር ግን ስሱ ዓይነት በሹል ነገር ሲወጋ ይበሳል፣ ሲታሽም ያልቃል። ዋጋውም ለብቻው ነው። እንግዳችሁ ይዞት ከመጣ አድንቁለት፤ በራሳችሁ ገንዘብ ግን አትግዙት።

ሌላው በእኛ አገር አየር የሚመጣ በሽታ ነው። ርካሽ ቦርሳዎች ከውስጥ የሚቀባቸው ፖሊዩሪቴን የሚባል ነገር ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኘው ይበሰብሳል። መጀመሪያ መሽተት ይጀምራል፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ እየተላጠ ይረግፋል። አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ ብዙ ዓመት የሚቆይ ቦርሳ እዚህ ዝናብ አገር እርጥቡን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ቶሎ ያረጃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመንገድ እንደገባችሁ አፉን ከፍታችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ናይለንን የሚያደክመው ፀሐይ ነው። ጢስ ያለበት ማድቤትም አይሁን። ቆሎና በሶ የነበረበትን ከረጢት ደግሞ ሳታጥቡ አታስቀምጡ፤ አይጥ ስለ ዲኒየር አታውቅም፣ ሽታው ስቧት መጥታ 840ውንም ትበሳዋለች።

እንግዲህ የቱ ይገዛ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አንድ ትልቅ፣ ሁሉን ቻይ፣ ውኃ የማያስገባ ቦርሳ አትፈልጉ። ከውጭ ጠንካራ፣ ተራ፣ ውኃ የማይጠጣ ቦርሳ ይሁን፤ ውኃውን የሚከለክሉት በውስጡ ያሉ ከረጢቶች ይሁኑ። ምክንያቱም አንዱ ትልቅ ቦርሳ አንዴ ከተበሳ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይረጥባል። ሦስት ከረጢት ውስጥ የተከፋፈለ ዕቃ ግን አንዱ ቢበሳ ሁለቱ ይተርፋሉ።

ይህን ጥበብ የከፋ ገበሬ ሳያውቀው አልቀረም። ነቀዝ የማያስገባው ፒክስ ከረጢት በአገራችን ገበሬ ዘንድ ይታወቃል። ፒክስ ሦስት ድርብ ነው። ውጪው የተሸመነ ማዳበሪያ ነው፤ ሸክሙን፣ ጉተታውን፣ መሬት ላይ መጎተቱን እሱ ይችላል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ ነው፤ አየር የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ላስቲኩ ብቻውን ቢሆን አንድ ቀን አይቆይም፤ ማዳበሪያው ብቻውን ቢሆን ነቀዝ ይገባል። ሥራ ተከፋፍለው ነው የጸኑት። የፓክራፍት መንገደኛ ቦርሳም እንዲሁ ቢሆን ክብደቱ ይቀንሳል። ወፍራም የፒቪሲ የወንዝ ቦርሳ ባዶውን እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ቀላል የናይለን ቦርሳ ከውስጥ ከረጢቶቹ ጋር ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም። ጀልባው፣ መቅዘፊያው፣ የሕይወት አድን ጃኬቱና ሄልሜቱ ብቻቸውን አምስት ኪሎ አካባቢ ሲሆኑ፣ ከቦርሳው ላይ የቀነሰው አንድ ኪሎ ዳገት ላይ ይታወቃል።

ለከረጢቶቹ አከፋፈል ልማድ ይኑራችሁ። የመኝታ ልብስና ቅያሪ አንድ ከረጢት፤ ይህ ከታች ይገባል፣ ለሕይወታችሁ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ያደረ ሰው በአገራችን ደጋ ሳይታሰብ ሊታመም ይችላል። ምግብ ሁለተኛው። ስልክ፣ መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት ደግሞ በትንሹ፣ በጠንካራው፣ ሁለት ጊዜ በተዘጋው። እርጥብ ነገር ከደረቅ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አይግባ። በደንብ የተዘጋ ከረጢት ውኃ አያስገባም ማለት እርጥበትም አያስወጣም ማለት ነው፤ ውስጡ የገባ እርጥብ ካልሲ እስከ ማታ ሁሉን ያረጥበዋል።

ቦርሳ ስትመርጡ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር ስፖንጁ ነው። በጀርባና በማንገቻው ውስጥ ያለው ማለቴ ነው። ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ዓይነት ከሆነ ውኃ ይጠጣል፤ ከወንዝ ስትወጡ ያንን ውኃ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ፣ ሦስት ቀንም አይደርቅም፣ ጀርባችሁንም ይልጠዋል። በጣታችሁ ጫኑት። ጠጠር ያለ፣ ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ፣ ውኃ ቢንጠባጠብበት የሚንከባለልበት ከሆነ ጥሩ ነው። ከውጭ ያሉት ኪሶች ደግሞ ከታች ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑራቸው። ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ላይ ውኃ የሚያጠራቅም ኪስ መስፋት ምን ዓይነት ብልሃት እንደሆነ አይገባኝም፤ ግን ሞልቷል።

መጠኑ 60 ሊትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ስሌቱን እንየው። 60 ሊትር ቦርሳ 15 ኪሎ ዕቃ ይዞ፣ ቀሪው ቦታ አየር ሆኖ፣ የውስጥ ከረጢቶቹ አፍ በደንብ ተዘግቶ ወንዝ ቢወድቅ ይንሳፈፋል፤ ለማስጠም ሌላ 45 ኪሎ ያስፈልጋል። ጀልባው ቢገለበጥ የምትይዙት ሁለተኛ ጀልባ አላችሁ ማለት ነው። የያው ቦርሳ ከረጢቶች ተበስተው 20 ሊትር ውኃ ቢገባበት ግን ዳር ላይ ስታነሡት 35 ኪሎ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በደከመ ጉልበት፣ በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ፣ ያንን ማንሣት ሌላ አደጋ ነው። ቀለሙም ይታሰብበት። ጥቁር አረንጓዴ ቦርሳ ለጫካ ያምራል፤ ወንዝ ሲወስደው ግን ማንም አያየውም። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን።

አሁን ሰው ስለሚሞትበት ነገር ልናገር፤ እዚህ ላይ ጥቂት ታገሡኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የመራው ጉዞ አባይን በሚነፉ ጀልባዎች ወርዷል። አብዛኞቹ ወታደሮች ነበሩ፣ መሣሪያቸው የተሟላ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የሞተው ግን ከፏፏቴ ተወርውሮ አይደለም፤ በገመድ ታስሮ በጎርፍ የሞላ ውኃ በዋና ሊሻገር ሲል ሰጠመ። ወንዝ ውስጥ ከሰውነት ጋር የታሰረ ነገር ሁሉ የሚይዝ እጅ ነው። ስለዚህ በእግር ወንዝ ስትገቡ የወገቡን ቀበቶና የደረቱን ማሠሪያ ፍቱ፣ ማንገቻውን አላሉት፤ ከወደቃችሁ ቦርሳውን ጥላችሁት ትወጣላችሁ። ዕቃ ይተካል። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ደግሞ ቦርሳን ጀርባ ላይ አድርጎ መቅዘፍ ክልክል ነው። ከጀልባው አፍንጫ ላይ፣ በአራቱ ማሠሪያ ቀለበቶች፣ በጠፍጣፋ ማሠሪያ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። የተረፈው የማሠሪያ ጫፍ ተጠቅልሎ ይወተፍ፤ የሚወዛወዝ ገመድ እግር ይጠላለፍበታል። ዘለበቱን በአንድ እጅ፣ እጃችሁ እርጥብ ሆኖ፣ ሳታዩት መክፈት መቻላችሁን እቤት ሳላችሁ ሞክሩ። ካልተከፈተ ለሌላ ይቀየር።

ጎጀብን በሰኔና በሐምሌ በትንሽ ጀልባ የሚሞክር ካለ ቦርሳ አያድነውም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ዝናቡ ላይ አገር ጥሎ ከታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ወንዙ ግን የላይኛውን ወሬ ይዞ ይመጣል። ወደ ኦሞ ቆላ ሲወረድ አዞና ጉማሬ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ፣ ዳር ዳሩን አይቶ ነው የሚገባው።

በመጨረሻ ጥገና። የማትጠግኑት ቦርሳ የእናንተ አይደለም፣ የሠሪው ነው። ፒቪሲ ከሆነ ከዚያው ሸራ ቁራጭ ተቆርጦ፣ ቦታው በአልኮል ተጠርጎ፣ በአሸዋ ወረቀት ሻከር ተደርጎ ይለጠፋል። ጥግና ጥጉ ክብ ይደረግ፤ ሹል ጥግ ያለው ልጣፊ ከጥጉ ይነሣል። የጎሚስታ ማስቲሽ ለጊዜው ይይዛል፣ ፒቪሲ ላይ ግን ውሎ አድሮ ይለቃል፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራውን ማጣበቂያ የሚተካው የለም። ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ሲሊኮን ብቻ ነው የሚይዘው፤ በሌላ አትድከሙ። ሁለት ትርፍ ዘለበት፣ አንድ ክንድ ሰፊ ልጣፊ፣ ወፍራም መርፌና የናይለን ክር በትንሽ ከረጢት ይዛችሁ ውጡ። የከተማችን ሸራ ሰፊዎች ማንገቻ አጠንክሮ መስፋት ከማንም በላይ ይችሉበታል። እነሱ ዘንድ ስትሄዱ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቋቸው፤ ውኃ የሚከለክለውን ጨርቅ በመርፌ አይውጉት፣ ከውጭ በተለጠፈው ተደራቢ ላይ ብቻ ይስፉ።

ብዙ ተናገርኩ። ሳፋው እዚያ ውኃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ቦርሳ ይዛችሁ የመጣችሁ ዕቃችሁን አውጡና ባዶውን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ጠመኔም አለ።